ምክንያት የሌለው አንድ መስመር፦ የትሮይ ዴቪስ የመጨረሻ አቤቱታ

ትእዛዙ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የሞት ቅጣቱ እንዲታገድ የቀረበው አቤቱታ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ውድቅ መደረጉን ይናገራል፤ አበቃ። ለምን ውድቅ እንደሆነ አይልም። ከዘጠኙ ዳኞች የትኛው እንደተስማማ፣ የትኛው ቅር እንዳለው አይልም። በልዩነት የተጻፈ ሐሳብም አልተያያዘበትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ወረቀት ያወጣው መስከረም 10 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2011) ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትሮይ ዴቪስ የተባለ የ42 ዓመት ሰው ሞተ።

ቅጣቱ ሊፈጸም የታሰበው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። እስር ቤቱ የሚገኘው በጆርጂያ ግዛት ጃክሰን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሲሆን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአትላንታ በመኪና አንድ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ደጁ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቆሟል። 1 ሰዓት ሲሞላ ቅጣቱ እንዳልተፈጸመ ተሰማና ሕዝቡ በደስታ ጮኸ፤ ተቃቀፈ፤ እግድ የተሰጠ መስሎት ነበር። እግድ ግን አልነበረም። ዋሽንግተን ያሉት ዳኞች ገና እየመከሩ ስለሆነ የጆርጂያ ሹማምንት መርፌውን ማቆየታቸው ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየ። ከዚያ ያቺ አንድ መስመር መጣች። በ4 ሰዓት ከ53 መርፌው ተጀመረ፤ በ5 ሰዓት ከ8 ደቂቃ መሞቱ ተነገረ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በመፈክሩ ነው። «እኔ ትሮይ ዴቪስ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት በዓለም ዙሪያ ተለብሷል። ጂሚ ካርተር፣ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክት 16ኛ፣ ሌላው ቀርቶ የሞት ቅጣትን የማይቃወሙት የኤፍቢአይ የቀድሞ ዳይሬክተር ዊሊያም ሴሽንስ ሳይቀሩ ቅጣቱ እንዳይፈጸም ጠይቀዋል። ሆኖም ንጹሕ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት የሚምል ሰው ከማስረጃው በላይ ይናገራል። ወንጀለኛ ነበር ብሎ የሚምለውም እንደዚያው። የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ መሃል ላይ ነው። እርግጠኛ መሆን ያልተቻለበትን ሰው መግደል ይቻላል ወይ? ይህን ጥያቄ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት መልሶት አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1989 ሌሊት ነው። ሳቫና በምትባለው የጆርጂያ የወደብ ከተማ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጎን ባለ የበርገር ኪንግ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ መጠለያ የሌለው ሰው ስለ ቢራ በተነሣ ጭቅጭቅ በሽጉጥ እጀታ ተደበደበ። ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ጥበቃ ላይ የነበረው የ27 ዓመቱ ፖሊስ ማርክ ማክፌይል ጩኸቱን ሰምቶ ሊያድነው ሮጠ። ተተኮሰበትና እዚያው ወደቀ። ሚስትና ሁለት ሕፃናት ልጆች ነበሩት።

በማግስቱ ሌሊቱን በቦታው ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ጠበቃውን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደና «ተኳሹ ዴቪስ ነው» አለ። ይህ ሰው ቢራውን በተመለከተ ሲጨቃጨቅ የነበረው ራሱ መሆኑን አልካደም፤ በዚያ ምሽት ባለ 38 ካሊበር ሽጉጥ ይዞ እንደነበርም በኋላ አምኗል። ማክፌይል የተገደለው በእንዲህ ዓይነት ሽጉጥ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ፖሊስ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። የዴቪስ ፎቶ በየቦታው ተለጠፈ፤ ፎቶውን አስቀድሞ ያየ ምስክር ደግሞ በኋላ ከፎቶዎች መሃል እሱኑ ቢመርጥ የሚገርም አይደለም።

በ1991 የተደረገው ክርክር አጭር ነበር። ግድያው የተፈጸመበት ሽጉጥ አልተገኘም። የጣት አሻራ የለም፤ ዲኤንኤ የለም። በዚያው ምሽት ቀደም ብሎ ከተፈጸመ ሌላ ተኩስ ጋር ይመሳሰላሉ የተባሉ ቀለሆች ቀርበዋል። የክሱ ምሰሶ ግን የሰው ቃል ነበር። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት 12 ፈራጆች፣ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው ጥፋተኛ አሉት፤ ቀጥሎም ሞት ፈረዱበት።

ከዚያ ምሰሶው መፍረስ ጀመረ። ፖሊስ ካልሆኑት ዘጠኝ ዋና ምስክሮች ሰባቱ በተለያየ ጊዜ ቃላቸውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ሻሩ። ያኔ የ16 ዓመት ልጅ የነበረ አንዱ፣ ፖሊሶች «አንተም በግድያው ተባባሪ ተብለህ ትከሰሳለህ» ብለው እንዳስፈራሩት ተናገረ። ሌላው ማንበብ እንደማይችልና ምን እንደፈረመ እንደማያውቅ አስረዳ። እስር ቤት ውስጥ ዴቪስ ሲናዘዝ ሰማሁ ያለው ደግሞ ውሸቱን እንደነበር አመነ። ቃላቸውን ካልሻሩት ሁለት ምስክሮች አንዱ ያ ጠበቃ ይዞ የመጣው ሰው ነው። ያ ሰው ራሱ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ሲል ሰምተናል የሚሉ ሰዎችም ቀረቡ።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው «ታዲያ ለምን ጉዳዩ እንደገና አይታይም?» ብሎ ነው። መልሱ በሕጉ አሠራር ውስጥ ነው ያለው፤ ትንሽ ማብራራት ይጠይቃል።

ፍርድ ቤት ከገባ ሰው መሃል ብዙው ይግባኝን የሚያስበው እንደ ሁለተኛ ዕድል ነው። ያልሰማኝ ዳኛ ቢኖር የሚሰማኝ ዳኛ በላይ አለ ብሎ። ይግባኝ ግን በአብዛኛው የሚመረምረው የታችኛው ፍርድ ቤት ሥርዓቱን ጠብቆ መሥራቱን እንጂ እውነቱን አይደለም። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በሩ ይጠባል። ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየዓመቱ ከሰባት ሺህ እስከ ስምንት ሺህ አቤቱታ ይቀርብለት ነበር፤ ክርክር ሰምቶ ይወስን የነበረው ሰማንያ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነበር። አብዛኞቹን አቤቱታዎች መጀመሪያ የሚያነብቡት ዳኞቹ ሳይሆኑ ከሕግ ትምህርት ቤት ከወጡ ብዙም ያልቆዩ ወጣት ረዳቶቻቸው ናቸው። ከዘጠኙ አራት ዳኞች «እንየው» ካሉ ይታያል፤ ካላሉ «አልተቀበልነውም» የሚል ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ምክንያት አይሰጥም። ፍርድ ቤቱ ደጋግሞ እንደተናገረው ደግሞ፣ አለመቀበል ማለት የታችኛው ውሳኔ ትክክል ነው ማለት አይደለም። አልነካነውም ማለት ነው። ለኩባንያዎች የውል ክርክር ይህ ልዩነት ትርጉም ይኖረዋል። ለሞት ፍርደኛ ግን «ትክክል ነው» እና «አልነካነውም» የሚወስዱት ወደ አንድ ክፍል ነው።

ለኢትዮጵያ ባለጉዳይ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ደጅ የጠና ሰው «ያስቀርባል» እና «አያስቀርብም» የሚሉትን ቃላት ያውቃቸዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ነው። ሦስት ዳኞች ያጣራሉ፤ ካለፈ ቢያንስ አምስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ያየዋል። «ምስክሩ ዋሽቷል» የሚለው አቤቱታ የፍሬ ነገር ክርክር ነውና እዚያ ቦታ የለውም። ከዚህም የሚብስ አለ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ፍርዱ በሐሰተኛ ማስረጃ የተሰጠ መሆኑ በኋላ ሲታወቅ ጉዳዩ እንደገና የሚታይበትን መንገድ በአንቀጽ 6 ከፍቷል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ አልነበረውም። ስለ ቤትና ስለ መሬት ሲሆን ፍርድን እንደገና መመርመር ታስቧል፤ ስለ ሰው አንገት ሲሆን ተዘንግቷል።

ወደ ጆርጂያ ይመለስ። ዴቪስ ምስክሮቹ መካዳቸውን ይዞ ሲመጣ ያጋጠመው የመጀመሪያው ግድግዳ ገንዘብ ነበር። ለሞት ፍርደኞች ይሟገቱ የነበሩ ማእከላት ከፌዴራል መንግሥት ያገኙት የነበረውን በጀት የአሜሪካ ኮንግረስ በ1990ዎቹ አጋማሽ አቋረጠው። ጥቂት ጠበቆች በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ተሸክመው ቀሩ፤ ምስክር አፈላልጎ ቃል የሚቀበል መርማሪ ጠፋ። ሁለተኛው ግድግዳ ሕግ ነው። በ1995 በኦክላሆማ ከተማ 168 ሰዎች በቦምብ ከተገደሉ በኋላ በዓመቱ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የፀረ ሽብርና የሞት ቅጣት ሕግ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የክልል ፍርዶችን እንደገና የሚያዩበትን ዕድል አጠበበው። የአንድ ዓመት የጊዜ ገደብ ጣለ፤ ሁለተኛ አቤቱታንም ከሞላ ጎደል ዘጋ። ሽብርተኛን ለመቅጣት የወጣ ሕግ ከሽብር ጋር ምንም የማያገናኘውን የሳቫናውን ሰው አነቀው። እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር የታየ ነው፤ አንባቢ ምሳሌ አያጣም።

ሦስተኛው ግድግዳ ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 በአንድ የቴክሳስ ፍርደኛ ጉዳይ፣ ክርክሩ በሥርዓቱ ከተካሄደ በኋላ «ንጹሕ ነኝ» ማለት ብቻውን የፌዴራል ፍርድ ቤትን በር አይከፍትም የሚል አቋም ይዟል። ስህተቱ በሥነ ሥርዓቱ ውስጥ መሆን አለበት። ጠበቃህ ተኝቶ ከነበረ ልትሰማ ትችላለህ፤ አለመግደልህ ብቻውን ግን አይበቃም።

በጆርጂያም ቢሆን መለኪያው ከባድ ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 2008 በ4 ለ3 ድምፅ አዲስ ክርክር አይፈቀድም አለ። ችሎት ፊት በመሐላ የተሰጠ ቃል ከዓመታት በኋላ ከሚሰጥ መሻሪያ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ቃል ከመሠረቱ ፍጹም ፈጠራ መሆኑ ካልታየ በቀር፤ ይህ ነበር የአብዛኛው መከራከሪያ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሊያ ዋርድ ሲርስ ከተቃወሙት ሦስት ዳኞች አንዷ ነበሩ። የአንድ ሰው ድምፅ ልዩነት ነው። በስድስት ወር ውስጥ የቅጣት ቀን ተቆረጠ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2008 መርፌው ሊሰጠው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሲቀር ዋሽንግተን አገደች፤ በኦክቶበር ደግሞ ያው ፍርድ ቤት አቤቱታውን አልቀበልም ብሎ እግዱን አነሣ። ዴቪስ በሕይወቱ አራት የቅጣት ቀን ተቆርጦለታል። ቤተሰቡ ሦስት ጊዜ ተሰናብቶት ተመልሷል።

እዚህ ላይ ግን ለፍርድ ቤቱም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በኦገስት 2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሃምሳ ዓመት ገደማ ያላደረገውን አደረገ። በቀጥታ ለራሱ የቀረበለትን አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ተቀብሎ የሳቫና የፌዴራል ዳኛ ማስረጃውን እንዲሰማ አዘዘ። ዳኛ ስቲቨንስ ንጹሕ ሰው የመግደል አደጋ ካለ መስማት ግድ ነው አሉ። ዳኛ ስካሊያ ከዳኛ ቶማስ ጋር ሆነው ተቃወሙ፤ ሙሉና ፍትሐዊ ክርክር ያገኘን ሰው በኋላ ንጹሕነቱን ቢያሳይ እንኳ መግደል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለን ወስነን አናውቅም የሚል ነበር ጭብጣቸው። ብዙ ሰው በዚህ አባባል ስካሊያን ረግሟል። የሚያስደነግጠው ግን ጨካኝ መሆኑ አይደለም፤ እውነት መሆኑ ነው። በእርግጥም ወስነው አያውቁም።

በጁን 2010 ምስክሮቹ ተሰሙ። ዳኛ ዊሊያም ሙር ከ170 ገጽ በላይ ጻፉ። ንጹሕን ሰው መግደል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ዴቪስ ግን ንጹሕነቱን አላስረዳም፤ የመሻሪያው ቃል አብዛኛው ጭስና መስታወት ነው ብለው ደመደሙ። የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ እንከን የለሽ አላሉትም፤ እንዲያውም ጽኑ ላይሆን እንደሚችል አምነዋል። የዴቪስ ጠበቆችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ገደለ የሚሉትን ሰው በሥርዓቱ መጥሪያ አድርሰው ችሎት አላቀረቡትም፤ እሱ ስላልቀረበም «ተናዘዘ» የሚሉት ሰዎች ቃል ክብደቱን አጣ። ቃላቸውን ከሻሩትም መሃል ሳይጠሩ የቀሩ አሉ። ዳኛው ይህን በግልጽ ነቅፈዋል፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው።

ነገር ግን የማስረዳት ሸክሙ የት እንደዞረ ልብ ይሏል። በ1991 ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት የነበረበት ዐቃቤ ሕግ ነበር። በ2010 ጥርጣሬ መኖሩ ለዴቪስ አይጠቅመውም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሽጉጡ ሳይገኝ፣ ንጹሕነቱን ራሱ በግልጽ ማረጋገጥ ነበረበት። ያ ማስረጃ በ1991 ለጁሪው ቀርቦ ቢሆን ኖሮ 12ቱም ያለ አንዳች ማመንታት ሞት ይፈርዱ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ይህን የሚጠይቅ ችሎት ግን አልተገኘም። በማርች 2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሙርን ውሳኔ አላይም አለ፤ በአንድ መስመር።

የቀረው ይቅርታ ነበር። በጆርጂያ ይቅርታ የሚሰጠው አገረ ገዥው ሳይሆን አምስት አባላት ያሉት ቦርድ ነው። ይህ ቦርድ በ2007 ቅጣቱን በአንድ ቀን ልዩነት ሲያዘገይ፣ ስለ ጥፋተኛነቱ ጥርጣሬ እንደሌለ አባላቱ እስካላመኑ ድረስ ማንም አይገደልም ብሎ በጽሑፍ ቃል ገብቶ ነበር። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2011 ይቅርታውን ከለከለ። በማግስቱ ጠዋት ጠበቆቹ ዴቪስ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ እንዲፈተን ጠየቁ፤ ተከለከሉ።

በመጨረሻ የቀረች አንዲት የአሠራር ጉድለት አለች፤ ከሕግ ባለሙያዎች ውጭ ብዙ አትወራም። ጉዳይ ለማየት አራት ድምፅ ይበቃል፤ የሞት ቅጣትን ለማገድ ግን አምስት ያስፈልጋል። ስለዚህ አራት ዳኞች «ይህ ሰው ሊሰማ ይገባል» ቢሉ እንኳ አምስተኛ ካልተጨመረ ሰውየው ጉዳዩ ሳይታይ ሊሞት ይችላል። አንዳንዴ አምስተኛ ዳኛ በጨዋነት ድምፁን ይለግሳል፤ ግዴታ ግን የለበትም። በዚያ ምሽት ከሦስት ሰዓት በላይ የወሰደው ምክክር ምን እንደነበረ፣ ስንት ለስንት እንደነበረ ወረቀቱ አይናገርም። ምክንያት ያልተጻፈበት ውሳኔ ስህተት ነው ብሎ መተቸት እንኳ አይቻልም፤ የሚያዝ እጀታ የለውም።

በዚያው ምሽት ቴክሳስም አንድ ሰው ገድላለች። ሎረንስ ብሩወር የተባለ ነጭ ዘረኛ ሲሆን፣ በ1998 ጄምስ በርድን ከመኪና ጀርባ አስሮ ጎትቶ ከገደሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ስለ ጥፋቱ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ደጁ ላይ ሻማ ይዞ የቆመለትም ጥቂት ነው። የሚገርመው ከተቃወሙት አንዱ የሟቹ የጄምስ በርድ ልጅ መሆኑ ነው።

የማክፌይል ቤተሰብ እንዲህ አልተሰማውም፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየችሎቱ ተመላልሰዋል። የዓለም ታዋቂ ሰዎች የገዳያቸውን ስም ሲጠሩ የሟቹን ስም የሚያነሣ ጥቂት ነበር። ዴቪስ አልጋው ላይ ታስሮ አንገቱን ቀና አድርጎ ለእነሱ ነው የተናገረው። በዚያች ሌሊት ሽጉጥ እንዳልያዘ፣ ልጃቸውን፣ አባታቸውንና ወንድማቸውን የገደለው እሱ እንዳልሆነ ነገራቸው፤ ጉዳዩን ጠልቀው እንዲመረምሩ ለመናቸው። መርፌውን ለሚሰጡትም እግዚአብሔር ምሕረት እንዲያደርግላቸው ጸለየ። የማክፌይል ዘመዶች ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩት ነበር።

ቀብሩ ኦክቶበር 1 ቀን በሳቫና ተፈጸመ። እናቱ ቨርጂኒያ በዚያው ዓመት በኤፕሪል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሩን ከዘጋ በኋላ፣ ቀድመውት ሞተዋል። ለሃያ ዓመት በየአገሩ እየዞረች ስለ እሱ የተከራከረችው እህቱ ማርቲና በጡት ካንሰር ታማ ነበር፤ ዲሴምበር 1 ቀን አረፈች።